ጋሻውና በርኖሱ ሲወልቁ ማን ይቀራል?

ጥያቄ፦ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አምስት ሆነን ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን፣ ገጸ ባሕርይ ሆነው ዳይስ እየወረወሩ የሚጫወቱትን ጨዋታ እንጫወታለን። እኔ ዲኤም (ታሪኩንና ጭራቆቹን የምመራው) ነኝ፣ አራቱ ተጫዋቾች ናቸው። ሕጋችን 5ኛው እትም፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ነው። ዓለሙን የድሮውን ሸዋ አስመስዬ ሠርቼዋለሁ፤ አምባ፣ ገደል፣ ኬላ፣ ሲራራ ነጋዴ ሞልቶበታል። አሁን 7ኛ ሌቭል (የዕድገት ደረጃ) ደርሰናል። ፋይተራችን (ተዋጊው) ሙሉ የብረት ጥሩር ለብሷል፤ በዚያ ላይ +1 ጋሻ፣ +2 ጎራዴ (ቁጥሩ አስማቱ የሚጨምረው ነጥብ ነው)፣ የጥበቃ በርኖስና የጥበቃ ቀለበት አለው። ኤሲው (ጠላት እሱን ለመምታት በዳይስ ማምጣት ያለበት ቁጥር) 23 ስለሆነ ምንም አይነካውም። ለእሱ ብዬ ጭራቆቹን ሳጠነክር ሮጋችን (ተደብቆ የሚዋጋው) በየሳምንቱ ይወድቃል። ክለሪካችን (የሃይማኖት ሰው የሆነው ድግምተኛ) የኦገርን (የግዙፍ ጭራቅ) ጉልበት የሚሰጠው ጓንቲ ከሌለ ዱላ እንኳ አያነሳም። ዊዛርዷ (ከመጽሐፍ የምትደግመው አስማተኛ) ደግሞ «ለእኔ ምንም አልደረሰኝም» ትላለች። በመጨረሻ ጣርማበር ላይ ተኝተው ሳሉ ሽፍቶች ዕቃቸውን ሁሉ እንዲዘርፏቸው አደረግሁ። ሁለቱ አኩርፈው «እንግዲህ አንመጣም» ብለዋል። አጥፍቻለሁ? ለመሆኑ አንድ ገጸ ባሕርይ በአስማታዊ ዕቃ ላይ መደገፍ ያለበት ምን ያህል ነው?
ዲኤሟ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህቴ፣ ሽፍታ ማምጣትሽ ጥፋት አይደለም። እንደ ጣርማበር ጭጋግና ገደል ባለበት ቦታ ሽፍታ ካልወጣ የት ሊወጣ ነው? ግን ዘብ የቆመው ማን ነበር? ኮቴ ሰማ አልሰማ ተብሎ ዳይስ ተወርውሯል? ካልተወረወረ፣ ተጫዋቾቹ ዕቃቸውን የወሰደው ሽፍታው ሳይሆን አንቺ እንደሆንሽ ነው የሚሰማቸው። ያኮረፉትም ሽፍታውን አይደለም።

ስለዚህ ሁለቱን ሰዎች ከጨዋታው ውጭ፣ በስልክም ይሁን በአካል አግኝተሽ «ዕቃው ይገኛል፣ የሚቀጥለው እሑድ ጨዋታ እሱን ፍለጋ ነው» በያቸው። ምስጢር አድርገሽ እሑድ ላስደንቃቸው ካልሽ እሑድ የሚደነቅ ሰው አይኖርም። ከዚያ ዕቃውን በሦስት ቦታ በትኚው፦ በርኖሱና ቀለበቱ በሽፍቶቹ አለቃ ላይ፣ ጎራዴውና ጋሻው ሸዋሮቢት ገበያ ወርዶ በአንድ ነጋዴ እጅ፣ የቀረው ደግሞ ዋሻ ውስጥ ከሌላ ሰው ንብረት ጋር ተደባልቆ። አለቃው እንደነሱ ሕግ አለበት፤ በርኖሱም ቀለበቱም ከባለቤቱ ጋር መቆራኘት የሚፈልጉ ናቸውና ለእያንዳንዱ አንድ ሰዓት የሚፈጅ አጭር ዕረፍት ወስዶ ነው የሚያስረው። የቀድሞው ባለቤት ትስስር ደግሞ ሌላ ሰው ሲቆራኘው፣ ወይም ዕቃው ከ100 ጫማ (30 ሜትር ገደማ) በላይ ርቆ 24 ሰዓት ሲቆይ ይበጠሳል።

ለፍልሚያው ሁለት የሽፍታ አለቃና ስምንት ተራ ሽፍታ በቂ ነው። የአለቃው ኤሲ 15፣ ሂት ፖይንቱ (የሕይወት ነጥቡ) 65 ነው፤ በርኖሱንና ቀለበቱን ያደረገው 17 ይሆናል። ተራው ሽፍታ ኤሲ 12፣ ሂት ፖይንት 11 አለው። በመጽሐፉ ስሌት ይህ ለአራት የ7ኛ ሌቭል ሰዎች 2,750 የፍልሚያ ክብደት ነጥብ ይመጣል፤ መካከለኛ የሚባለው 3,000 ላይ ስለሚጀምር ያለ አንድም አስማታዊ ዕቃ ይወጡታል። ያንን በዓይናቸው ማየታቸው ከማንኛውም ንግግርሽ ይበልጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙ ሰው እንደሚያስበው አንቺም ዕቃ አብዝቼ ሰጥቻለሁ ብለሽ ሳትደነግጪ አትቀሪም። አላበዛሽም። የዚህ እትም መጻሕፍት ለአንድ ቡድን ከ1ኛ እስከ 20ኛ ሌቭል 100 ያህል አስማታዊ ዕቃ ይገምታሉ፤ አብዛኛው ጠጥተው ወይም አንብበው የሚጨርሱት ጥቃቅን ነገር ሲሆን ትልልቅ የሚባሉት 20 ገደማ ናቸው። እስከ 4ኛ ሌቭል ሁለት፣ ከ5ኛ እስከ 10ኛ ስድስት ነው የሚደርሰው። 7ኛ ሌቭል ላይ እንግዲህ ለመላው ቡድን አምስት ያህል ማለት ነው። ያንቺንም ብንቆጥር አምስት ነው፦ ጎራዴ፣ ጋሻ፣ በርኖስ፣ ቀለበት፣ ጓንቲ። ቁጥሩ ልክ ሆኖ ሳለ አራቱ አንድ ሰው ላይ ተከምረዋል፤ ከአራቱ ደግሞ ሦስቱ የሚጨምሩት ያንኑ አንድ ቁጥር ነው። በሽታው እዚህ ላይ ነው።

ለምን እንደሚያም በሂሳብ እንየው። ጥሩሩ 18፣ ተራ ጋሻ 2፣ ድምር 20። ኦገር ሲመታ በባለ 20 ገጹ ዳይስ ላይ 6 ይጨምራል፤ ኤሲ 20ን ለመንካት 14 እና ከዚያ በላይ ማውጣት አለበት፣ ይኸውም ከ20 ውርወራ 7 ጊዜ ማለት ነው። ኤሲው 23 ሲሆን 17 ያስፈልገዋል፤ ከ20 አራት ጊዜ። ሦስት ነጥብ ጨምረሽ ከሚያርፍበት ዱላ ከአምስት ሁለቱን በላይ ቀነስሽለት። ያንኑ ሦስት ነጥብ ኤሲው 15 ለሆነው ሮግ ብትሰጪው ኖሮ ከ20 የሚመታው 12 ጊዜ ወደ 9 ነበር የሚወርደው፣ ሩብ ያህል ብቻ። አንድ ዓይነት ስጦታ፣ አስቀድሞ ባለጸጋ በሆነው ላይ ሲደረብ ክብደቱ ይጨምራል። እነዚህን ዕቃዎች ሁልጊዜ ለፋይተሩ መስጠት የሚያስደስተውም፣ ጨዋታውም የሚበላሸው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚያ አንቺ ፋይተሩን ለመንካት ስትይ +10 የሚመታ ጭራቅ አመጣሽ። 23ን በ13 ይመታዋል፣ ከ20 ስምንት ጊዜ። ደህና ነው። ሮጉን ግን በ5 ይመታዋል፣ ከ20 አሥራ ስድስት ጊዜ። በየሳምንቱ የሚወድቀው ሮጉ ፈሪ ወይም ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ ለሌላ ሰው የታሰበ ዱላ እየበላ ነው።

የጎራዴውም ነገር እንደዚሁ ሲያዩት ትንሽ ነው። +2 ማለት በዳይሱ ላይ 10 በመቶ ብቻ ይመስላል። ፋይተሩ ጉልበቱ 18 ከሆነ ያለ አስማት +7 ይመታል፤ ኤሲ 15 ላይ 65 በመቶ፣ ሲያርፍ በአማካይ 8.5 ጉዳት። በ+2 ጎራዴ 75 በመቶና 10.5 ይሆናል። ሁለቱን አባዢያቸው፦ በአንድ ምት ከ5.5 ወደ 7.9 ገደማ። ከ40 በመቶ በላይ ጭማሪ ነው። ይህ እትም ደግሞ ቁጥሮቹን ሆን ብሎ ጠባብ አድርጎ ነው የሠራቸው። አንድ ተዋጊ ከ1ኛ እስከ 20ኛ ሌቭል በመምታት ችሎታው የሚያድገው ስድስት ነጥብ ያህል ነው፤ አራቱ ከፕሮፊሸንሲ (ከሌቭል ጋር ከሚያድገው የሥልጠና ነጥብ)፣ ሁለቱ ከጉልበት። +2 ጎራዴ የዚያን ሁሉ ዕድሜ አንድ ሦስተኛ በአንድ ቀን ይሰጣል። ሕጉ +2ን ከ5ኛ ሌቭል ጀምሮ ስለሚፈቅድ መስጠትሽ ስሕተት አልነበረም፤ ከሌሎቹ ሦስት ጋር አንድ ሰው ላይ መግጠሙ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ደንብ ያዢ፣ ከመጽሐፍ ያልተወሰደ ግን የሚሠራ፦ አንድ ገጸ ባሕርይ ያንኑ ቁጥር የሚጨምር ዕቃ ከአንድ በላይ አይኑረው። ጋሻው ኤሲ ከጨመረ በርኖሱ ሌላ ነገር ያድርግ። ሦስት ዕቃ ብቻ መቆራኘት ይቻላል የሚለው የሕጉ ገደብ ለዚህ አይበቃም፤ +1 ጋሻና +2 ጎራዴ መቆራኘት ስለማይጠይቁ ከገደቡ ውጭ ያመልጣሉ።

መደገፍ ያልሽው ነገር በትክክል የሚታየው ግን በፋይተሩ ሳይሆን በክለሪኩ ላይ ነው። ፋይተሩ አስማታዊ ዕቃው ሁሉ ተወስዶ ጥሩሩና ተራ ጋሻ ቢቀሩት ኤሲ 20 ያለው፣ በአንድ ተራ ሁለቴ የሚመታ ሰው ሆኖ ይቀራል፤ ደኸየ እንጂ አልጠፋም። ክለሪኩ ግን ጓንቲውን ተማምኖ ጉልበቱን 8 ላይ ትቶታል ብዬ እገምታለሁ፤ ጓንቲው ማንንም ሰው 19 ስለሚያደርግ ብዙ ተጫዋች ይህን ብልጠት ይሠራል። በጓንቲው +7 ይመታል፤ ሲወልቅ +2። ኤሲ 15 ላይ ከ65 በመቶ ወደ 40 ይወርዳል፣ የመዶሻ ዱላው ጉዳትም ከ7.5 ወደ 2.5። ስናባዛው በአንድ ምት ከ4.9 ወደ 1። ከባድ ጥሩር ከለበሰም የሚፈለገውን ጉልበት ስለማያሟላ ርምጃው በ10 ጫማ ይቀንሳል።

ይሁንና ይኸው ሰው ጥበቡ 18 ከሆነ፣ በነጻ የሚወረውረው ሴክረድ ፍሌም የተባለው ድግምት በዚህ ሌቭል በሁለት ባለ 8 ገጽ ዳይስ፣ በአማካይ 9 ይጎዳል። ጠላት ለማምለጥ 15 ማውጣት አለበት፤ ቅልጥፍናው +2 ለሆነ ጠላት ከመቶ 60 ጊዜ ያገኘዋል። ውጤቱ 5.4 ነው። እንግዲህ አስተውዪ፦ ያለ ጓንቲው የሚያደርገው ነገር ከጓንቲው ጋር ከሚያደርገው ይበልጣል! ዕቃው አቅም አልሰጠውም፤ ያለውን አቅም አስረሳው። ይህን ሂሳብ ለብቻው አሳዪው፣ ጓንቲውንም አትንፈጊው። ዕቃ ሸክም ለማንሳት፣ በር ለመስበር፣ ሰው ጨብጦ ለመያዝ ይጠቅመዋል፤ የሕይወቱ ምሰሶ እንዳይሆን ብቻ ነው።

የመደገፍን መጠን መለካት ከፈለግሽ እያንዳንዱ ተጫዋች በባዶ ወረቀት ላይ የገጸ ባሕርዩን ገጽ ያለ ዕቃ እንዲጽፈው አድርጊ፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ከታች «በፍልሚያ የማደርጋቸው ሁለት ነገሮች፣ ከፍልሚያ ውጭ የማደርገው አንድ ነገር» ብለው ይሙሉ። ሦስቱንም የሞላ ሰው ዕቃው ቢበዛም አያስፈራም። አንዱን መሙላት ያቃተው ሰው የሚያስፈልገው ዕቃ መንጠቅ ሳይሆን ድግምቱን፣ ክህሎቱን ወይም የነጥብ አደላደሉን እንዲቀይር መፍቀድ ነው። በመሃል ጨዋታ ይህን መፍቀድ ሕግ መጣስ የሚመስላቸው ዲኤሞች አሉ። ይሁን፤ ከኩርፊያ ይሻላል።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ይህ ሁሉ የሚሠራው አንቺ በምትጫወችው እትም ነው፣ ጭራቆቹ የተሠሩት ተጫዋቹ ባዶ እጁን ቢሆንም እንዲሆንለት ተደርጎ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው 3ኛው እትም እንዲህ አይደለም፤ ዕቃን እንደ ደመወዝ ቆጥሮ አስገብቶታል። በተሻሻለው 3.5 ሠንጠረዥ አንድ የ5ኛ ሌቭል ሰው 9,000፣ የ10ኛ ሌቭል ሰው 49,000 የወርቅ ሳንቲም የሚያወጣ ንብረት እንዲኖረው ይጠበቃል። ፓዝፋይንደር በተባለው ሌላ ተመሳሳይ ጨዋታ 2ኛ እትምም ከ4ኛ ሌቭል ጀምሮ የጎራዴውን ዳይስ ከአንድ ወደ ሁለት የሚያሳድግ ጽሑፍ መሣሪያው ላይ ካልተቀረጸ ተዋጊው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ለዚህም ነው ቁጥሮቹን ያለ ዕቃ በራሳቸው እንዲያድጉ የሚያደርግ አማራጭ ሕግ የተጻፈለት። ስለዚህ ከኢንተርኔት ያነበብሽው ምክር እርስ በርሱ ሲጣላ መጀመሪያ የትኛውን ሕግ ይዞ እንደሚናገር እዪ።

በራስሽ እትምም አንድ ቀዳዳ አለ። በ2014ቱ መጽሐፍ ከመካከለኛ ሌቭል በኋላ የሚመጡ ብዙ ጭራቆች አስማታዊ ባልሆነ መሣሪያ ሲመቱ ጉዳቱ በግማሽ ይቀነስላቸዋል፤ ተኩላ ሰው ደግሞ ብር ካልተለበጠ ወይም አስማታዊ ካልሆነ መሣሪያ ጨርሶ አይጎዳም። ለሮጉ እስካሁን አስማታዊ መሣሪያ ካልሰጠሽው ስጪው፤ ግን + የሚባል ነገር ሳይኖረው። በጨለማ እንደ ኩራዝ የሚበራ ጩቤ ይበቃዋል። መሣሪያን በብር ማስለበጥ 100 የወርቅ ሳንቲም ነው፤ እሱም አማራጭ ነው።

ታዲያ ምን ዓይነት ዕቃ ይሰጥ? ተጫዋቹ ትናንት ሊያደርገው ያልቻለውን አዲስ ነገር የሚያስደርግ። ያንቺ ዓለም ገደልና አምባ ነው፤ ይህ ሀብት ነው። ግድግዳ ላይ እጅን ነጻ አድርጎ የሚያስኬድ የሸረሪት ነጠላ ጫማ፣ በትእዛዝ ራሱ ሄዶ የሚታሰር 18 ሜትር ገደማ ገመድ (ከ1,300 ኪሎ በላይ ይችላል)፣ አዝራሩ ሲጫኑት አየር ላይ ተተክሎ የሚቀር ከ3,600 ኪሎ በላይ የሚሸከም የብረት ዘንግ፣ ከወደቁበት ገደል ያለ ጉዳት የሚያወርድ ቀለበት። ቆላ ሲወርዱ በአንድ ትእዛዝ ከ110 ሊትር በላይ ውኃ የሚተፋ ማሰሮ ከማንኛውም ጎራዴ በላይ ያሰባቸዋል። ጓሳ ላይ ለሚያድሩ ደግሞ ብርድን የሚከላከል፣ በበረዶ ላይ እንደ ልብ የሚያስኬድ ቦት አለ። የሁሉም ዝርዝር እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በነጻ በተለቀቀው የ5.1 ሕግ ሰነድ ውስጥ ስላለ መጽሐፍ ግዢ አያስፈልግሽም።

ከዚህ ዝርዝር የሚበርር ነገር አውጪ። የሚበርረው መጥረጊያ «እምብዛም የማይገኝ» በሚባለው፣ ከታች ሁለተኛ በሆነው ደረጃ ነው የተመደበው፣ መቆራኘትም አይፈልግም፣ በአንድ ዙር 50 ጫማ ይሄዳል። የደረጃው ስም ስለ ኃይሉ ብዙ አይነግርም፤ +1 ጎራዴም እዚያው ደረጃ ላይ ነው። ታሪክሽ በሙሉ በአንድ ጠባብ በር ብቻ ወደሚገባበት አምባ መውጣት ሆኖ ሳለ ያንን መጥረጊያ ብትሰጪ ኬላውም በር ጠባቂውም ድርድሩም ከንቱ ይሆናል። ክንፍ ያለው ቦትም ያው ነው። ከ11ኛ ሌቭል በኋላ እናውራበት።

ፋይተሩን እንዴት ታስማሚዋለሽ? ለልውውጥ ጠይቂው። የጥበቃ ቀለበቱን ትቶ ገደል የሚያወርደውን ቀለበት፣ ወይም የጥበቃ በርኖሱን ትቶ ሌላ ሥራ ያለው በርኖስ እንዲመርጥ አቅርቢለት፤ ሁለቱን አንድ ላይ አይደለም፣ አንዱን ብቻ። ምርጫው የእሱ ይሁን። የጥበቃው በርኖስ ለሮጉ ቢተላለፍ ደግሞ ኤሲውም ማምለጫ ውርወራውም (ከድግምትና ከመሳሰለው አደጋ ለማምለጥ የሚወረውረው) በአንድ ያድግለታል። ሽፍታው የወሰደው በርኖስ በእውነት የመንዝ ሱፍ ነው ከተባለ ሮጉ እምቢ አይልም፣ ብርዱን ታውቂዋለሽ።

ኤሲ 22 ወይም 23 የሆነን ሰው ለመፈተን የጭራቁን ምት ማሳደግ አያስፈልግም። ኤሲ የማይከላከለው ብዙ ነገር አለ። ኦገሩ ከመምታት ይልቅ ይግፋው፤ በ2014ቱ ሕግ መግፋት የጉልበት ፉክክር እንጂ ኤሲ አይመለከትም። ገደሉ ግን ከ20 ወይም 30 ጫማ አይብለጥ፤ ለእያንዳንዱ 10 ጫማ አንድ ባለ 6 ገጽ ዳይስ ስለሚጎዳ 100 ጫማ ላይ ከገፋሽው ፈተና ሳይሆን ግድያ ሊሆን ይችላል። የጥበብ ማምለጫ የሚጠይቅ ድግምት ለአብዛኛው ፋይተር ከባድ ነው። ከሁሉም የሚሻለው ደግሞ የማይመታበትን ሥራ መስጠት ነው፦ በአራት ዙር ውስጥ የኬላውን በር መዝጋት፣ የተበተነ መንጋ መሰብሰብ፣ ቁስለኛ ተሸክሞ ዳገት መውጣት።

ዕቃ የማይገባበትን ቦታም ተጠቀሚ፣ ግን አስታውቀሽ። ደብር ሲገቡ ጫማ ይወልቃል፤ የሸረሪት ጫማውም እንደማንኛውም ጫማ በሩ ላይ ይቀራል። ባላባት ፊት ሲቀርቡ ጎራዴ ለበር ጠባቂ ይሰጣል። ይህ በተጫዋቹ ባህል ውስጥ ያለ ነገር ስለሆነ ማንም ግፍ ተሠራብኝ አይልም፣ ቀድሞ አውቆ ምን ይዤ ልግባ ብሎ ማሰብ ይችላል። አስማትን ሁሉ የሚያጠፋ ክልል የሚፈጥረው ድግምት 8ኛ ደረጃ ነው፣ ስፋቱም በየአቅጣጫው 10 ጫማ ብቻ፤ 7ኛ ሌቭል ላይ እሱን ማምጣት በሌላ ስም ያንኑ ዘረፋ መድገም ነው።

ስለሚጠጣና ስለሚነበብ ዕቃ ብዙ አልልም፤ በልግስና ስጪ። በአንድ የጨዋታ ቀን ለቡድኑ አንድ ወይም ሁለት። ችግሩ ሰዎች ያከማቹታል። የፈውስ መድኃኒት በአማካይ 7 ሂት ፖይንት ብቻ ይመልሳል፣ መጠጣቱ ደግሞ በ2014ቱ ሕግ የዙሩን ዋና ተግባር ይበላል፤ ስለዚህ ማንም በፍልሚያ መሃል አይጠጣውም። በ2024 በተሻሻለው ሕግ እንደሆነው በቦነስ አክሽን (ከዋናው ተግባር ሌላ በምትፈቀደው ትንሽ ተግባር) እንዲጠጣ ፍቀጂ፣ ክምችቱ በሁለት እሑድ ያልቃል።

ዊዛርዷ ምንም አልደረሰኝም ማለቷ እውነት ነው፣ ግን በትር ከመፈለግሽ በፊት የጥቅልል ጽሑፍ ስጪያት። 7ኛ ሌቭል ላይ ያለ ዊዛርድ ከጥቅልሉ ወደ ራሷ መጽሐፍ ትገለብጠዋለች፦ ለእያንዳንዱ የድግምት ደረጃ ሁለት ሰዓትና 50 ወርቅ። የ3ኛ ደረጃ ድግምት ስድስት ሰዓትና 150 ወርቅ ይፈጃል፤ በአርካና (የአስማት ዕውቀት) ውርወራ 13 ማምጣት አለባት፣ ቢሳካም ባይሳካም ጥቅልሉ ይጠፋል። ከተሳካ ግን ከዕቃ ወደ ዕውቀት ተለወጠ። አንድ ጥቅልል ብቻ ሰጥተሽ ውርወራው ቢከሽፍ ቅሬታው ይብሳልና ሁለት ስጪ። ሽፍቶቹ ዋሻ ውስጥ «ከሌላ ሰው ንብረት ጋር» ያልሁሽ ቦታ ለዚህ ይመቻል።

ለሮጉ ደግሞ የራሱ የሆነ ነገር ያስፈልገዋል፤ እንዲህ ያለ ብትሠሪለት፦ የቡሄ ጅራፍ። መቆራኘት ይፈልጋል፤ ሦስት ቻርጅ (አስማቱ ሲሠራ የሚቀነስ ኃይል) አለው፣ ጎህ ሲቀድ ባለ 6 ገጹ ዳይስ ተወርውሮ ለሁለት ተካፍሎ ከ1 እስከ 3 ይመለስለታል። በአንድ ቻርጅ ሲያጮኸው በ60 ጫማ ውስጥ ያለ እንስሳ ሁሉ በጥበብ ማምለጫ 13 ካላወጣ በሚቀጥለው ተራው ሮጉ ወዳሳየው አቅጣጫ ባለ በሌለ ፍጥነቱ ይሮጣል። በሁለት ቻርጅ ደግሞ ከፊቱ 15 ጫማ ስፋት ውስጥ ያሉትን እንደ ተንደርዌቭ ድግምት በነጎድጓድ ይመታል፣ ማምለጫው ያው 13 ነው። በሁለቱም ጊዜ ድምፁ እስከ 300 ጫማ ይሰማል፤ ዋጋው እሱ ነው፣ ተደብቆ የነበረው ሮግ ያለበት ይታወቃል። አንድም + የለበትም። የሚበላሸው የት እንደሆነ ከአሁኑ ልንገርሽ፦ በሦስተኛው ጨዋታ የሌላ ሰው ከብት ገደል ይሰዳሉ። አታስከልክያቸው፤ የከብቶቹ ባለቤት በማግሥቱ ሽማግሌ ይዞ ካሣ ይጠይቅ። ጅራፉ ሌቭል በመውጣታቸው ብቻ አይደግ፤ የተዘረፈ መንጋ ለባለቤቱ የመለሱ ቀን ቻርጁ አምስት፣ ማምለጫው 14 ይሁን።